የገበታው ምስጢርና የአራዳ አንባቢ

ከሰፊው አንባቢ ዘንድ ብዙ ፍቅር፣ ከሐያስያን ዘንድ ግን ጥቂት ክብር ካገኙት የድርሰት ዐይነቶች አንዱ የወንጀል ምስጢር ልብ ወለድ ነው። በዚሁ ዘርፍ ውስጥ ደግሞ ደም የማይበዛበት፣ ጭካኔ የማይታይበት፣ መርማሪው ባለ ማዕርግ ፖሊስ ሳይሆን የሰፈር ሰው የሆነበት፣ ነገሩም ሁሉ በወጥ ቤትና በገበታ ዙሪያ የሚሽከረከርበት ቀለል ያለ ወገን አለ። አንዲት ምግብ አብሳይ ወይም የኬክ ቤት ባለቤት የሌባውን ወይም የገዳዩን እጅ በብልሃቷ ስታጋልጥ አንባቢው ይሥቃል፤ ምግቡንም ይመኛል፤ በመጨረሻም መልሱን አግኝቶ መጽሐፉን ይከድናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢያን በእንዲህ ያለው ድርሰት ላይ የሚሰጡት አስተያየት በአገራችን፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ ጥንተ መኻል በአራዳና በፒያሳ፣ ምን ታሪካዊ ሥር እንዳለው መመርመር ነው።

በቅድሚያ ዘርፉ በዓለም ላይ የመጣበትን መንገድ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ መንገዱን ጠረገ፤ አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1887 ሸርሎክ ሆምስን ለዓለም አስተዋወቀ። እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመድኃኒት ክፍል ስታገለግል ስለ መርዝ የቀሰመችውን ዕውቀት ይዛ እ.ኤ.አ. በ1920 የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ባሳተመች ጊዜ፣ ከሚነሡት ዋና ጥያቄዎች አንዱ መርዙ የነበረው በቡናው ውስጥ ነው ወይስ በካካዎው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው ሌላ ድርሰቷ መርዙ የገባው ከቁርስ ማርማላታ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ሬክስ ስታውት የፈጠረው መርማሪ ኔሮ ዉልፍ ለምሳው ሰዓት ከምንም ነገር በላይ የሚጨነቅ ሰው ነው። ኢጣልያዊው አንድሬያ ካሚሌሪም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ስለ ሲሲሊው መርማሪ ስለ ሞንታልባኖ ሲጽፍ፣ ጀግናውን ከዓሣና ከፓስታ ገበታ ለይቶት አያውቅም።

አህጉራችንም ከዚህ የራቀች አይደለችም። በቦትስዋና የሚኖሩትን ሴት መርማሪ ከነሻይ ፍቅራቸው ያስተዋወቀው የአሌክሳንደር ማክኮል ስሚዝ የመጀመሪያ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሳሊ አንድሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመችው ልብ ወለድ ደግሞ ታኒ ማሪያ የምትባል ባልቴትን ያቀርብልናል። ይህች ሴት በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ጋዜጣ ላይ ለፍቅር ችግር ምክር ስትሰጥ ከምክሩ ጋር የምግብ አሠራር ትልካለች፤ ነፍስ ማጥፋት በደረሰ ጊዜም ነገሩን እየጋገረች ትመረምራለች። በመጽሐፉ ውስጥ የቀረቡት ምግቦች አሠራርም ለአንባቢው ተጽፏል።

እንዲህ ባሉ መጻሕፍት ላይ አንባቢያን የሚሰጡት አስተያየት በየአገሩ ቢለያይም ከሦስት አይወጣም። አንደኛው ወገን፣ ሰው ሞቶ ሳለ ስለ ኬክ ማውራት ቁም ነገርን ማቃለል ነው፤ ወጡ ታሪኩን ውጦታል ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ መጽሐፉ የደከመ መንፈስን ያሳርፋል፤ ክፉው ይያዛል፤ ጥያቄውም መልስ ያገኛል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው ብገምተውም ሰፈሩን፣ ሰዎቹንና የምግቡን ሽታ ስለ ወደድሁ እስከ መጨረሻው አነበብሁት ይላል። እነዚህ ሦስት አስተያየቶች በአራዳ ታሪክ ውስጥ ሲፈተሹ እያንዳንዳቸው ከምንገምተው የጠለቀ ምክንያት ያላቸው ሆነው ይገኛሉ።

የቁም ነገር ጥያቄ

የመጀመሪያውን አስተያየት፣ ማለት ድርሰት ቁም ነገር ሊያስተምር ይገባል የሚለውን፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ከአወላለዱ ጀምሮ ተሸክሞት የመጣ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ለዘርፉ በሙሉ ስም ሆኖ ቀረ። ስሙ ራሱ ጥርጣሬን የሚጋብዝ ነው፤ ከልብ የተወለደ እንጂ በዐይን የታየ አይደለምና። ስለዚህ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ደራስያን ልብ የወለደው ነገር ሐሰት እንዳይባል ምክርንና ግብረ ገብን መሸሸጊያ አደረጉት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ንና «አዲስ ዓለም»ን ሲጽፉ አንባቢውን ማስተማር ዋና ዓላማቸው ነበር። ከዚያም ወዲህ የአማርኛ ደራሲ ለረጅም ጊዜ አስተማሪም፣ ሰባኪም፣ ነገሥታትን መካሪም እንዲሆን ሲጠበቅበት ኖሯል። በዚህ ሚዛን ለማሣቅና ለማሳረፍ ብቻ የተጻፈ የወንጀል ታሪክ ቀልሎ መገኘቱ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ራሱ ምስጢር መፍታትን እንደ ቀላል ነገር ቆጥሮት አያውቅም። በአማራው ባላገር ወንጀል ሲፈጸምና ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ከሥራው ታግዶ ይውል ነበር። በሙግትም ጊዜ በላ ልበልሃ እየተባባሉ በግጥምና በምሳሌ የሚሟገቱትን ነገር አዋቂዎች ለመስማት ሰው ይሰበሰብ ነበር። የተመልካቹ ደስታ ማን እንደሚረታ በመገመት፣ የቃሉንም ወጥመድ ከባላንጣው ቀድሞ በማየት ላይ የቆመ ነው። ዛሬ የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢ ከመርማሪው ቀድሞ ወንጀለኛውን ለማወቅ ሲጥር የሚሰማው ደስታ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

አራዳ ይህን ልማድ ወደ ከተማ አመጣችው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው ትልቅ ገበያ ነጋዴውንና ገዢውን ብቻ ሳይሆን ከሳሹንና ተከሳሹንም የሚያገናኝ ስፍራ ነበር። ገበያውን በነጋድራስነት ያስተዳደሩት ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግዱን ክርክር ይዳኙ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ፣ ባለ ዕዳም ከአበዳሪው ጋር በቁራኛ ታስሮ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር። ሌባ ለማግኘት ደግሞ ሌባሻይ የሚባለው ልማድ ነበር። አንድ ልጅ የተበጠበጠ መድኃኒት ጠጥቶና አጭሶ፣ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ በየሰፈሩ ይሮጥ ነበር፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም ሌባ ተብሎ ይያዛል። በዚህ የተነሣ ስንት ንጹሕ ሰው የሌላውን ዕዳ እንደ ከፈለ መገመት አያዳግትም። ልማዱ በኋላ መቅረቱ ተገቢ ነበር። መርማሪ ማስረጃ ሳይዝ ሰው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚከተል አራዳ በዐይኗ ያየችው ስለ ሆነ፣ ማስረጃን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ወደ ፍርድ የሚደርስ ድርሰት ለእርሷ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

እንዲያውም «አራዳ» የሚለው ቃል ከቦታ ስምነት አልፎ ለብልህ፣ ለነቄ፣ በቀላሉ ለማይታለል ሰው መጠሪያ ሆኗል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከመርማሪ ልብ ወለድ ራስጌ ላይ ቢጻፍ ያምርበታል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለው ደግሞ ምስጢርንና ገበታን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያገናኘ ነው።

የታመነ ገበታ

ምግብና ወንጀል በአንድ መጽሐፍ ሲገናኙ ከሥሩ ያለው ጥያቄ የመታመን ጥያቄ ነው። ይህን የአገራችን የግብር ሥርዐት ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ ይቀምስ ነበር፤ ይህም መጠጡ ከመርዝ ንጹሕ መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት የሚያረጋግጥበት ምስክርነት ነው። ጉርሻም ቢሆን ከፍቅር ምልክትነቱ ሌላ፣ አፉን ከፍቶ የሚቀበለው ሰው አጉራሹን እንደሚያምን የሚያሳይበት ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ከካካዎው ወይስ ከቡናው ብላ የጠየቀችውን ጥያቄ የእኛ አሳላፊዎች ከእርሷ እጅግ ቀድመው በመዳፋቸው ሲመልሱት ኖረዋል ለማለት ይቻላል።

ይህ የመታመን ነገር በአራዳ አዲስ መልክ ያዘ። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያውን ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ፣ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለብዙው ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ከማያውቁት ሰው እጅ፣ ባልታየ ወጥ ቤት የተሠራን ምግብ መብላት እንደ ነውርም ይቆጠር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየሄዱና ሒሳብ እየከፈሉ ሰውን እንዳለማመዱ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ያለው የፒያሳ ታሪክ ሰው የማያውቀውን ሰው ገበታ ማመን የተማረበት ታሪክ ነው። የኢጣልያ ጦር ከተማይቱን በያዘበት ዘመን ገበያው ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እንዲዛወር ሲደረግ፣ አሮጌው አራዳ ፒያሳ የሚለውን ስም ወረሰ። ከነጻነትም በኋላ ካስቴሊ ምግብ ቤት፣ ኤንሪኮ ኬክ ቤትና በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው ቶሞካ ቡና ቤት የአካባቢው መታወቂያ ሆኑ። ከሲኒማ ኢትዮጵያና ከሲኒማ አምፒር የወጣ ተመልካች ያየውን የወንጀል ፊልም ፍጻሜ በማኪያቶ ላይ ይከራከርበት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ብርሃን ጎን ግን ጨለማም ነበር። ከፒያሳ በታች ካሉት ሰፈሮች አንዱ እሪ በከንቱ ይባላል፤ ቢጮኹ ሰሚ የሌለበት ማለት ነው። ሌላው ዶሮ ማነቂያ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርም የሌሊት ሕይወቱ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ለመሰለ ድርሰት ምንጭ ሆኗል። አንድ ደራሲ የገበታ ምስጢር ልጻፍ ቢል የሰፈሮቹ ስሞች ብቻ ግማሹን ሥራ ሠርተውለት ይጠብቁታል።

መልስ የሚገኝበት መጽሐፍ

አሁን ወደ ሁለተኛው አስተያየት፣ ማለት ቀለል ያለ ምስጢር ልብን ያሳርፋል ወደሚለው እንመለስ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ አንባቢ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ የስለላና የወንጀል ታሪክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ጀመር። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለሱ ሰፊ አንባቢ አፈሩ፤ ይልማ ሀብተየስም በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ታወቀ። በሬዲዮም መጽሐፍ በትረካ መቅረቡ ማንበብ የማይችለውን ሰው ሳይቀር የልብ ወለድ ወዳጅ አደረገው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ የነበረው ጸጥታ የሚዘነጋ አይደለም። ሐያስያን ግን በዚያው ዘመን ድርሰት የኅብረተሰብን ትግል ያንጸባርቅ፣ ሕዝብን ያንቃ ይሉ ስለ ነበር፣ ጊዜ ማሳለፊያ የተባለው መጽሐፍ በየመድረኩ ይነቀፍ፣ በየቤቱ ደግሞ ይነበብ ነበር።

ይህ አንባቢ ከቁም ነገር ይሸሽ ነበር ብሎ መፍረድ ዘመኑን መርሳት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወራት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ማለዳ አስከሬን ወድቆ ይገኝ ነበር። ማን ገደለው ብሎ መጠየቅ ራሱ የሚያስጠይቅ ነበር። እናት ልጅዋ የት እንደ ደረሰ ሳታውቅ ኖራለች። እሪ በከንቱ የአንድ ሰፈር ስም ብቻ መሆኑ የቀረበት ወቅት ነበር። የ«ኦሮማይ» ደራሲ በዓሉ ግርማም መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከተከለከለ በኋላ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ስለላንና ምስጢርን በልብ ወለድ የጻፈው ሰው የራሱ መጨረሻ መልስ ያላገኘ ምስጢር ሆነ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር ሰው ማን አደረገው ለሚለው ጥያቄ በመጨረሻው ገጽ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ ቢወድ፣ ይህ ቀላል ፍላጎት ነውን? በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ሰው ሞት ሰፈሩን ሁሉ ያስጨንቃል። ጎረቤት ይጠይቃል፤ ይመረምራል፤ አያርፍም። ገዳዩም በመጨረሻ ይታወቃል፤ ሰዎቹም ተመልሰው ከአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። አንባቢው ከዚህ የሚያገኘው ዕረፍት ከሕይወት የተነፈገውን ፍትሕ በምናብ መቅመስ ነው። ቀለል ያለው የወንጀል ልብ ወለድ በእንግሊዝ አገርም እጅግ የተስፋፋው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ ሚሊዮኖች ባለቁበትና ለአንዱ ሟች መልስ መስጠት በከበደበት ዘመን መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። የሰላም ዘመን ድርሰት መስሎ ቢታይም፣ አጥብቀው የሚፈልጉት ሰላም ያጡ ሰዎች ናቸው።

ዶሮው 12 ብልት ነው

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የሕትመቱ በር ሲከፈት የሲድኒ ሼልደንና የመሰሎቹ ትርጉሞች በየመጽሐፍ መደብሩና በየአዟሪው እጅ ሞሉ። በአማርኛ የተጻፈ፣ በእኛ ወጥ ቤት ላይ የቆመ ቀለል ያለ ምስጢር ግን የሚገባውን ስፍራ ገና አልያዘም። ምክንያቱ የጥሬ ዕቃ እጥረት አይደለም። ዶሮ ወጥን ብቻ እንውሰድ። ዶሮው በሥርዐት ሲበለት 12 ብልት ይወጣዋል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለተከበረ እንግዳ ይቀርባል። ባለሙያ እመቤት ድስቱን ከፍታ አንድ መላላጫ ቢጎድል ወዲያው ታውቃለች። ቁጥሩ ምስክር ነው፤ ማን ምን ብልት እንደሚደርሰው ሥርዐቱ ስለ ወሰነም ጥርጣሬው በማን ላይ እንደሚያርፍ ይታወቃል። በበዓል ዋዜማ ከአንድ የፒያሳ ግቢ የጠፋ አንድ ብልት፣ ያለ አንዳች ደም፣ የጎረቤቱን ሁሉ ኩራት፣ ፍቅርና ቂም ሊያወጣ ይችላል። አቦል፣ ቶናና በረካ እያለ በሦስት ዙር የሚፈላው ቡናም ነገር የሚጀመርበት፣ የሚከርርበትና የሚበርድበት የራሱ ሥርዐት አለው።

ምግባችን ለረቂቅ ድርሰት መሠረት ሊሆን እንደሚችል አዳም ረታ አስመስክሯል። ድርሰቶቹን «አለንጋና ምስር»፣ «መረቅ» ብሎ ሰይሟል፤ ሕጽናዊነት ያለውን የአጻጻፍ ስልቱን የቀረጸውም ከእንጀራ ነው። ለከባዱ ድርሰት የበቃ እንጀራ ለቀላሉ አያንስም።

ሦስተኛው አስተያየት፣ ሰፈሩንና የምግቡን ሽታ ወደድሁት የሚለው፣ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ ሊደመጥ የሚገባው ይመስለናል። በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ከፊሉ በእሳት ተቃጠለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ሄደ። ለከተማ ዕድገት ሲባል መፍረስ የሚገባውንና የማይገባውን መለየት የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የሰፈሩ ሰው ማን ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ፣ የትኛው ቤት በየትኛው ቀን ምን እንደሚሸት፣ ማን ለማን ወጥ እንደሚያቀምስ የሚያውቀው ዕውቀት በካርታም በፎቶግራፍም አይያዝም። የገበታ ምስጢር የሚጽፍ ደራሲ ግን ይህን ሁሉ ሳይመዘግብ አንድ ገጽ አይራመድም፤ ማስረጃዎቹ እነዚሁ ናቸውና። የሽንኩርቱ ማረር የሰዓት ምስክር ነው፤ የተላከው ሰሐን ያለ ምግብ ባዶውን አለመመለሱ የጉርብትና ምስክር ነው። በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈው የዕለት ኑሮ በእንዲህ ያለ ቀላል ድርሰት ውስጥ ተደብቆ ለሚቀጥለው ትውልድ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ቀላል ነው የተባለውን ድርሰት የሚመዝን ሐያሲ አስቀድሞ አንባቢው ከመጽሐፉ የሚፈልገውን ይጠይቅ። የአራዳ አንባቢ ከጥንት ጀምሮ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ የሚቀርብለት ገበታ የታመነ እንዲሆንና የጠፋው ነገር ወይም ሰው ጠያቂ እንዲያገኝ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ አስማምቶ፣ ሥቆ የሚያሥቅ ደራሲ ሲነሣ፣ ሥራውን በታናሽነቱ ከመናቃችን በፊት እንደ ድሮው አሳላፊ በመዳፋችን ጥቂት አንቆርቁረን ብንቀምሰው መልካም ነው።